የግል መሬት፣ የሕዝብ እንስሳ፦ የሚሺጋን ዋላዎችና የክረምት ቀለባቸው

በኢትዮጵያ ደጋ ለሚኖር ሰው ክረምት ማለት ምድር የምትለመልምበት፣ ከብት ሣር ጠግቦ የሚያድርበት ወራት ነው። የከብቱ ጭንቅ የሚመጣው በበጋው መገባደጃ፣ ድርቆሹና ጭዱ ሲመናመን ነው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዙሪያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ ክረምት ሲባል ከኅዳር እስከ መጋቢት በረዶ ምድሩን የሚሸፍንበት፣ አብዛኛው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ የሚቆምበት፣ የዱር እንስሳ ባለፈው መኸር ባካበተው ስብ የሚኖርበት የረኃብ ወቅት ነው። በዚህ ወቅት የተራበ እንስሳ በደጃፉ ያየ ባለመሬት አንድ እቅፍ ድርቆሽ ወይም አንድ ቁና በቆሎ ቢያወጣለት ክፉ ሥራ ሠራ የሚለው የለም። የሚሺጋን ግዛት ሰሜን ምሥራቅ ክፍል ታሪክ ግን ይህ ቀላል የሚመስል ደግነት በብዙ ሰዎችና በብዙ ዓመታት ሲባዛ ምን እንደሚያስከትል ያሳያል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

እንስሳው ስሙ በመዝሙረ ዳዊት የታወቀው ዋላ ነው። አንዳንድ ተርጓሚዎች አጋዘን ይሉታል፤ ይሁንና የኢትዮጵያ አጋዘን ቀንዱን እስከ ዕለተ ሞቱ ተሸክሞ የሚኖር ሲሆን፣ የዚህኛው ወንድ ባለ ቅርንጫፍ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ በየዓመቱ አዲስ የሚያበቅል ስለ ሆነ ዋላ የሚለው ስም ሳይሻለው አይቀርም። በሚሺጋን የሚገኘው፣ ሲደነግጥ ጭራውን ወደ ላይ ሰቅሎ ነጩን የሚያሳየው፣ ባለ ነጭ ጭራ የሚባለው ዓይነት ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የሚሺጋን ታላላቅ ደኖች በመጋዝና በመጥረቢያ አለቁ። ቺካጎንና ሌሎች የአካባቢው ከተሞች በብዛት የታነጹት በዚህ አገር ነጭ የፓይን እንጨት ነው። እንጨት ቆራጮቹ ሲያልፉ የተረፈው ጉቶና ቅርንጫፍ በሰደድ እሳት ተቃጠለ። ዋላውም ሥጋውን ለገበያ በሚያቀርቡ አዳኞች እየተመታ ቁጥሩ ተመናመነ። መሬቱን ለማረስ የሞከሩት ሰዎች አሸዋማና መናኛ ሆኖ ስላገኙት ብዙዎቹ ጥለውት ሄዱ። በአልፒና፣ በአልኮና፣ በሞንትሞረንሲና በኦስኮዳ አውራጃዎች ይህንን ለሌላ ነገር የማይፈለግ መሬት በሰፊው እየገዙ የያዙት የአደን ማኅበራት ነበሩ። ከእነዚህም የተነሣ አካባቢው የማኅበራት አገር የሚል ስም ወጥቶለታል።

የተቃጠለው ደን መልሶ ሲያቆጠቁጥ ለዋላ ታላቅ ግብዣ ሆነ። ዋላ ቀንበጥ በሊታ ነው፤ ያረጀና ሰማይ የደረሰ ዛፍ እምብዛም አይመግበውም፤ አፉ የሚደርስበት ለጋ ቡቃያ ግን ያራባዋል። በዚህ ላይ የማኅበራቱ ዘበኞች ሕገ ወጥ አዳኞችን አባረሩ፤ ተኩላው እየጠፋ ሄደ፤ በ1921 ደግሞ ቀንድ የሌላቸው፣ ማለት ሴቶቹና ግልገሎቹ፣ እንዳይገደሉ የሚከለክል ሕግ በግዛቱ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ መናኛ የነበረው መንጋ ምድሪቱ ልትመግበው ከምትችለው በላይ ሆነ። ቡቃያው አድጎ ዛፍ ሆነና ከዋላ አፍ ራቀ፤ መንጋው ግን አልቀነሰም። ግድብ የሚሠራ ሰው ይህንን ሂሳብ ያውቀዋል፤ ገቢው ከወጪው ሲበልጥ ትርፉ ውኃ የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ካልታሰበበት፣ ውኃው ራሱ መውጫ ያገኛል። በማኅበራቱ መሬት የተገኘው መውጫ የክረምት ዕልቂት ነበር።

ማኅበርተኞቹ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ሴቶቹንም ጭምር አድኖ መንጋውን ከመሬቱ አቅም ጋር ማስማማት ነው። ሁለተኛው የመሬቱን አቅም ከውጭ በሚመጣ ምግብ ከፍ ማድረግ ነው። መሬት ገዝተው፣ ዘበኛ ቀጥረው፣ በየዓመቱ ኅዳር ብዙ ዋላ ለማየት የሚመጡ ሰዎች የትኛውን እንደሚመርጡ ለመገመት አያዳግትም።

በሕጉ ረገድ እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአሜሪካ የዱር እንስሳ ባለመሬቱ ሀብት አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 ጊር በኮኔቲከት ላይ ባቀረበው ክርክር የዱር አራዊት ለሕዝቡ ጥቅም በግዛቱ እጅ ያሉ የጋራ ሀብት ናቸው ሲል ፈርዷል፤ ይህ ፍርድ በ1979 ቢሻርም አደራ ጠባቂው መንግሥት ነው የሚለው መሠረተ ሐሳብ ጸንቶ ኖሯል። ስለዚህ መሬቱ የግል፣ በላዩ የሚሄደው ዋላ የሕዝብ ነው። በቆሎውስ? በቆሎው የባለመሬቱ ነው፤ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ በገዛ መሬቱ ላይ ቢያፈስሰው ማን ይከለክለዋል? ለብዙ ዘመን የከለከለው አልነበረም።

ዋላ ክረምትን የሚያልፍበትን ብልሃት ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በኋላ ከደረሰው ስሕተት ብዙው የመነጨው ይህን ካለመገንዘብ ነውና። በመኸር ጠግቦ በልቶ ስብ ያከማቻል። የክረምት ፀጉሩ ውስጡ ክፍት ስለ ሆነ አየር ይዞ ሙቀት ያግድለታል። በረዶው ሲጠልቅ የጥድ ዘመድ የሆኑ ዛፎች ጥቅጥቅ ብለው ወደሚበቅሉበት ረግረጋማ ሥፍራ ይከተታል፤ ዛፎቹ ነፋሱንም በረዶውንም ይከላከሉለታል፤ መንጋውም በእግሩ ረግጦ ባበጃቸው ጠባብ መንገዶች ይመላለሳል። እንቅስቃሴውን ይቀንሳል። የሚያስገርመው ግን በአጥር ውስጥ የተትረፈረፈ መኖ ቢቀርብለት እንኳ በዚያ ወራት የሚበላው መጠን በራሱ ጊዜ መቀነሱ ነው። ጤናማ ዋላ ከክብደቱ አንድ አምስተኛውን ያህል አጥቶም በሕይወት ለፀደይ ሊደርስ ይችላል። ሳይደርሱ የሚቀሩት በአብዛኛው ግልገሎቹ ናቸው፤ መኸሩን ቁመት ሲጨምሩበት ስለሚያሳልፉት የሚያከማቹት ስብ ጥቂት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዋላ እንደ በግና እንደ ላም የሚያመሰኳ እንስሳ ነው። የበላውን የሚያብላላለት በጨጓራው ውስጥ የሚኖረው የረቂቃን ተሐዋስያን ጉባኤ ነው። ምግቡ ሲለወጥ ይህ ጉባኤም መለወጥ አለበት፤ ለዚህም ሁለት ሦስት ሳምንት ያህል ያስፈልገዋል። እንጨት ሲያኝክ የከረመ ዋላ ድንገት በቆሎ አግኝቶ እስኪጠግብ ቢበላ ጨጓራው በአሲድ ይመረዝና ሆዱ በእህል እንደ ተሞላ ሊሞት ይችላል። እንዲህ ያለውን ሬሳ ከእህል ክምር አጠገብ ያገኘ ባለመሬት፣ ምግቡ ዘግይቶ የደረሰለት የረኃብ ሟች ነው ብሎ ቢያስብና ለከርሞ አብልጦ ቢያዝዝ አይፈረድበትም። በክምሩ ዙሪያም ቢሆን ተራ የሚያገኘው አስቀድሞ ጉልበተኛው ነው። ትልልቆቹ በቀንድና በሰኮና እየገፉ ይበላሉ፤ ምግቡ ታስቦ የመጣላት ግልገል ዳር ቆማ ትጠብቃለች።

የግዛቱ የጥበቃ መሥሪያ ቤት ይህን ጉዳይ ገና በ1930ዎቹ አስጠንቶት ነበር። ሚሺጋን በሐይቅ ለሁለት የተከፈለች ስትሆን፣ በረዶ በሚጠናበት የላይኛው ልሳነ ምድር፣ ኩሲኖ በተባለ ጣቢያ ዋላዎች በአጥር ውስጥ ሆነው ልዩ ልዩ መኖ ተሰጥቷቸው ተመዘኑ። ብርቱ ዋላ በክረምት የሚቆምበት ምግብ የዚያው የረግረጉ ዛፍ ቅጠል መሆኑ፣ ድርቆሽ ግን ለእርሱ መናኛ መሆኑ ታወቀ። ስለዚህ የተሻለው ዘዴ እንስሳው ባለበት ሥፍራ ዛፍ ቆርጦ ቅርንጫፉን ወደ አፉ ማውረድ ነው ተባለ፤ ቆረጣው በሚቀጥሉት ዓመታት አዲስ ቡቃያ ያስነሣልና። በዚያው ጣቢያ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ 250 ሄክታር በሚያህል አጥር ውስጥ እንደ ልቡ እንዲበላ የተደረገ መንጋ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ እጥፍ ድርብ ሆኖ መባዛቱ ተመዝግቧል። ቀለብ የሚሠፈርለት መንጋ የሚቀጥለውን ዓመት ቀለብ ከፍ ያደርገዋል ማለት ነው።

በጎረቤት ዊስኮንሲን ግዛት የዱር አራዊት አያያዝ ትምህርት አባት የሚባለው አልዶ ሊዮፖልድ፣ ከ1943 ጀምሮ በ1948 እስኪሞት ድረስ በጥበቃ ኮሚሽኑ አባልነት ሲያገለግል ይህንኑ ተከራክሯል። መንጋው ካልተቀነሰ ምግብ ቢሰጠውም ደኑን ይጨርሳል ሲል፣ አዳኞችና የመዝናኛ ቤት ባለቤቶች ብርቱ ነቀፋ አወረዱበት። ሊቃውንቱ ያልረቱበት ምክንያት ግልጽ ይመስላል። በረኃብ የሞተ ግልገል በዓይን ይታያል፤ በዋላ ተግጦ ሳያድግ የቀረ የዛፍ ችግኝ ግን ሬሳ የለውም።

ልማዱም የሚሺጋን ብቻ አልነበረም። በምዕራብ በኩል በዋዮሚንግ ግዛት በጃክሰን ሸለቆ፣ ኤልክ የሚባሉት ግዙፍ የዋላ ዘመዶች በአስከፊ ክረምቶች ሲረግፉ ያዩ ከብት አርቢዎች ድርቆሻቸውን አካፍለዋቸዋል፤ የፌዴራሉ መንግሥትም ሥራውን ተረክቦ በ1912 ብሔራዊ የኤልክ መጠለያ አቋቁሟል። ልዩነቱ በዚያ የሚመግበው መንግሥት መሆኑ፣ በሚሺጋን ግን እያንዳንዱ ባለመሬት በየራሱ ግቢ መሆኑ ነው። ለሒሳብም ለቁጥጥርም የሚያስቸግረው ይህ ሁለተኛው ነው።

በሚሺጋን በ1972 ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው ተብሎ የተገመተው የዋላ ቁጥር በ1989 ወደ ሁለት ሚሊዮን ተጠግቶ ነበር። ለዚህ መጨመር ደኑን ለዋላ እንዲመች የማድረጉ ሥራና የክረምቶቹ መለሳለስ የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ ቀለቡም የራሱ ድርሻ ነበረው። ፖም፣ ካሮት፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ስኳር የሚወጣበት የቀይ ሥር ዓይነት በጭነት መኪና እየመጣ በማኅበራቱ መሬት ላይ በክምር ይገለበጥ ጀመር። ለክረምት ከሚሰጠው ቀለብ ሌላ፣ በአደን ወራት እንስሳውን ወደ ጠመንጃ ለማቅረብ የሚጣለው ማባበያም ተስፋፋ። በመንገድ ዳር ያሉ ነዳጅ ማደያዎች የካሮትና የቀይ ሥር ከረጢት ደርድረው መሸጥ ያዙ። ለሰው ገበታ የማይበቃው ምርት ገዢ በማግኘቱ ገበሬውም ተጠቀመ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ከደግነት አልፎ ንግድ ሆኗል፤ ንግድ የሆነ ነገር ደግሞ የሚከራከርለት አያጣም።

በ1975 በአልኮና አውራጃ አንድ አዳኝ የገደላት የዘጠኝ ዓመት ዋላ በከብት ሳንባ ነቀርሳ ተይዛ ተገኘች። በሽታው በዱር ዋላ ላይ ሲታይ እጅግ ያልተለመደ ስለ ነበረ፣ ከከብት የተላለፈባት አንድ አጋጣሚ ነው ተብሎ ታለፈ። ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። የከብት ነቀርሳ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ በረት ውስጥ የተስፋፋ ነበር፤ በ1917 በተጀመረው ዘመቻ መንግሥት ከብቱን በመርፌ እየመረመረ፣ በበሽታው የተያዘውን እያረደ፣ ለባለቤቱ ካሣ እየከፈለ ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር። ሚሺጋንም በ1979 ከከብት ነቀርሳ ነፃ መሆኗ ተመሰከረላት። በሕግና በሒሳብ መዝገብ በሽታው የለም፤ ስለዚህ በዱር ውስጥ የፈለገው አልነበረም።

በኅዳር ወር 1994 በአልፒና አውራጃ ደቡብ ምዕራብ ጥግ አንድ አዳኝ ወንድ ዋላ ገደለ። ደረቱን ሲከፍተው የጎድን አጥንቱ ውስጥ እንደ አተር ያሉ ቢጫማ እባጮች አየና ለባለሥልጣኖች አሳየ። ምርመራው ያንኑ በሽታ አረጋገጠ። ሥፍራው ከ19 ዓመት በፊት ሴቲቱ ከተገደለችበት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ ነበር። በሚቀጥለው የአደን ወራት ከአካባቢው አዳኞች 354 ዋላዎች ተሰብስበው ሲመረመሩ ከአሥር በሚበልጡት ላይ በሽታው ተገኘ። አንድ አጋጣሚ የተባለው ነገር መንጋው ውስጥ ሥር ሰድዶ ኖሯል።

ነቀርሳ በተፈጥሮው ለተበታተነ መንጋ የሚመች በሽታ አይደለም። ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ለመተላለፍ መቀራረብን የሚሻ ነው። ዋላ ደግሞ በበጋ በትንንሽ ቤተሰብ ተለያይቶ፣ ከዚህ አንድ ቀንበጥ ከዚያ አንድ ቀንበጥ እየቀነጠሰ የሚበላ እንስሳ ነው። አንዱ የበላውን ቀንበጥ ሌላው አይበላውም፤ አልቋልና። በክምር ዙሪያ ግን አፍንጫ ከአፍንጫ ይነካካል፤ አንዱ ልጋጉን ያሳረፈበትን ካሮት ሌላው ነክሶ ይጥለዋል፤ ሦስተኛው ያነሣዋል። የመንግሥት የእንስሳት ሐኪሞች በኋላ በሙከራ እንዳረጋገጡት፣ ጤናማ ዋላዎች የታመሙትን ሳይገናኙ የተረፈውን መኖ ብቻ በመጋራት በሽታውን ይዘዋል። ባክቴሪያውም በፖም፣ በካሮት፣ በበቆሎ፣ በቀይ ሥር፣ በድንችና በድርቆሽ ላይ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት በሕይወት እንደሚቆይ፣ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ዕድሜው በብዙ ሳምንታት እንደሚቆጠር ታውቋል። ለዋላው ርኅራኄን የሚጠራው ያው ውርጭ ተሐዋስያኑንም ጠብቆ ያኖራል።

ስለዚህ ለመንጋው ብዛትና ለመሰብሰቡ በአንድነት ምክንያት የሆነው ቀለቡ ነው ተባለ። አባባሉ በማኅበራቱ ዘንድ እንደ ስድብ ተቆጠረ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሦስት ትውልድ ሙሉ አባት ለልጅ ያወረሰው፣ በክረምት እሑድ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚሠራው በጎ ሥራ የበሽታ ማሰራጫ ነው መባሉ የሚዋጥ አልነበረም። የሚመግቡት ሰዎች ክርክር ፍሬ ቢስ አልነበረም፤ በድንገት ቀለቡ ቢቋረጥ በእርሱ ላይ የተመሠረተው መንጋ ይረግፋል ወይም ምግብ ፍለጋ ወደ ገበሬው በረት ይበተናል ሲሉ፣ መልሱ በቂ አልነበረም። መልሱ መጀመሪያ ብዙ ሴት ዋላ መግደል ነው። ያ ደግሞ ሌላ ስድብ ነበር።

የተፈራው በ1998 ደረሰ፤ በዚያው አካባቢ በአንድ የከብት መንጋ ላይ ነቀርሳ ተገኘ። በዚያው ዓመት ግዛቱ በበሽታው ቀጠና ዋላን መመገብ ከለከለ፣ ማባበያንም ገደበ። በ2000 ዓመት የፌዴራሉ የእርሻ መሥሪያ ቤት የሚሺጋንን የነፃነት ምስክርነት አነሣ፤ ከዚያ በኋላ ከዋላ አገር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ዋላ ቀልቦ የማያውቅ ገበሬ ሳይቀር ጥጃውን ለመሸጥ በመርፌ ማስመርመር ግድ ሆነበት። ከ1998 ወዲህ በበሽታው የተያዙት የከብት መንጋዎች ከ70 በልጠዋል። በ2004 አንድ አዳኝ የገደለውን ዋላ ሲበልት ጣቱን ቆርጦ በዚያው በሽታ ተያዘ። የክምሩ ዋጋ በስንት ሰው ላይ እንደ ተበተነ ለማየት እነዚህ ይበቃሉ።

ክልከላው ከከባድ አደን ጋር ተጣምሮ ፍሬ አስገኝቷል። በቀጠናው መሐል በ1995 ከመቶ አምስት ገደማ የነበረው የበሽተኛ ዋላ ድርሻ በአሥር ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ሁለት በመቶ አካባቢ ተንጠልጥሎ ቀረ። የመንጋው ቁጥር ከወረደ በኋላ አዳኙ የሚገድለው ሴት ዋላ በቃኝ አለ፤ በሥውር የሚመግበውም አልጠፋም። በግል መሬት መሐል፣ ከመንገድ በራቀ ጫካ ውስጥ የተገለበጠን የቀይ ሥር ክምር ፈልጎ ማግኘት ለጥቂት ዘበኞች የሚቻል ሥራ አይደለም።

በዚህ መካከል ሌላ በሽታ መጣ። የዋላን አንጎል እያቦዘዘ ሰውነቱን አመንምኖ የሚገድለው፣ በኮሎራዶ ግዛት በ1967 በተያዙ ዋላዎች ላይ መጀመሪያ የታየው የመመንመን በሽታ በ2008 በሚሺጋን በአንድ የግል የዋላ እርባታ ውስጥ፣ በ2015 ደግሞ በዱር ዋላ ላይ ተገኘ። የዚህ በሽታ መነሻ ባክቴሪያ ሳይሆን ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ስለ ሆነ ውርጭም ሙቀትም እምብዛም አይበግረውም፤ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከጥር መጨረሻ 2019 ጀምሮ በታችኛው ልሳነ ምድር በሙሉ መመገብም ማባበልም ተከለከለ። በላይኛው ልሳነ ምድር ግን በረዶው በሚጠናበት ሥፍራ መመገብ በመጠንና በጊዜ ተወስኖ እንዲቀጥል ተፈቀደ። በዋዮሚንግም ይኸው የመመንመን በሽታ በ2020 መጨረሻ ከኤልክ መጠለያው አጠገብ ባለው ግራንድ ቲተን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በአንዲት ኤልክ ላይ ታይቷል።

በአልፒናና በአልኮና ገበሬዎች ግቢ ለሚያልፍ መንገደኛ ዛሬ ትኩረት የሚስበው አጥሩ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ከግማሽ የሚጠጋ፣ ለከብት መከልከያ ከሚያስፈልገው እጥፍ የሚሆን የሽቦ አጥር ነው፤ በውስጡ ያለው ግን ከብት ሳይሆን የድርቆሽ ክምርና የበቆሎ ገፈራ ነው። ዋላ ከከብት መኖ ላይ ልጋጉን እንዳያሳርፍ ገበሬው ከመንግሥት ጋር ወጪውን ተጋርቶ ያሠራው ነው። በበረዶ ቀን ማለዳ ከአጥሩ ውጭ የሰኮና ዱካ ዙሪያውን ይታያል።